ማህተም ያረፈበት ፖስታ

መጀመሪያ ያገኘው እጄ ነው። ሐኪም አይደለም፣ መሣሪያም አይደለም፣ እጄ ነው።

ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ተወልጄ እዚያው አርጅቻለሁ። ከእርሻዬ ሌላ አርባ ዓመት ያህል ወይፈን ስኮላሽ ኖርሁ። ወይፈን ጎልምሶ አጥር መስበርና ሰው መውጋት ሲጀምር ባለቤቱ እኔን ይጠራል። በገመድ ጠልፈን እንጥለዋለን፣ አራት ጎበዝ ይጫነዋል፣ እኔ የቆለጡን ጅማት እንጨት ላይ አጋድሜ በወይራ መምቻዬ እመታለሁ። ደም የለ፣ ቁስል የለ። ሲያገግም ለቀንበር የሚገራ በሬ ይሆናል።

ከመምታቴ በፊት ግን ሁልጊዜ እዳስሳለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ «ሳትዳስስ አትምታ» ይለኝ ነበር። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ አንዱ እንደ ጠጠር ከጠነከረ፣ «ይህን ፍቱት፣ የታመመ ከብት ነው» ብዬ መምቻዬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ታዲያ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ወንዝ ወርጄ ገላዬን ስታጠብ፣ እጄ ሳላዘው ዳሰሰ። ግራው ጠንክሯል። ያልበሰለ ኮክ ይመስላል። አያምም፣ አይቆጠቁጥም። እንደገና ዳሰስሁት፤ ያው ነው። ከውኃው ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና ሳቅሁ። ምን ያስቃል ትሉኝ ይሆናል። ያንኑ የለመድሁትን ቃል ለራሴ ስለው ነው የሳቅሁት፤ «ይህን ፍቱት፣ የታመመ ከብት ነው።»

ለሚስቴ የነገርኋት በሳምንቱ ነው። እሷ ነገር አታስረዝምም።

«የወይፈኖቹ ግፍ ነው» አለች።

«ወይፈን ግፍ አያውቅም።»

«የሚያውቀውማ ከላይ አለ። ተው ስልህ ዕድሜዬን ጨረስሁ። አሁን እንኳ ተሳል። ይህን ካዳንኸኝ ዳግመኛ መምቻ አላነሣም በል።»

«አልልም» አልኋት። «ስታመም ቃል ገብቼ ስድን ልከዳ ነው? ይህ ለዳኛ ጉቦ ማቀበል ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንተን ቀብረን ግትርነትህን የምንቀብርበት ጉድጓድ እናጣለን» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቢቸናም ሐኪም አለ። ግን ቢቸና እኔን የማያውቅ ሰው የለም። ወይፈን ኮላሹ ሰውዬ ቆለጡን ታመመ የተባለ ዕለት ጠላ ቤቱ ለዓመት የሚስቅበት ያገኛል። ስለዚህ ሞጣ ሄድሁ። እዚያ ወዳጅ አለኝ። ሙስሊም ነው፣ የከብት ነጋዴ ነው፤ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ሞጣ የኖሩ ናቸው። ስንቱን ወይፈን በሬ አድርጌለታለሁ።

ነገሩን ስነግረው «ወላሂ አልስቅም» አለና ሳቀ። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አርባ ዓመት ስትዞር ኖረህ መጨረሻ ራስህ ላይ ደረስህ?» አለኝ። ከዚያ ዐይኑን በኩታው ጫፍ ጠረገና «ተነሥ፣ ሆስፒታል እንሂድ» አለ። እኔ ገና ሻዬን አልጠጣሁም ነበር።

ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። ዳሰሰኝ፣ በመሣሪያ አየኝ፣ ደሜን አስመረመረ። በወሬ ሊያዞረኝ ሲል «ዶክተር፣ እኔ ነገር በአገልግል ሲቀርብልኝ አልወድም፤ ክፍቱን ስጠኝ» አልሁት።

«ካንሰር ነው አባቴ። ይወጣል።»

«እንግዲያ አውጣው።»

አወጣው። ስነቃ ቁስሉን ፈለግሁት፤ እኔ ባሰብሁበት ቦታ የለም። የተሰፋው ከላይ፣ ብሽሽቴ ላይ ነው። በማግሥቱ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ያዝሁት።

«ዶክተር፣ ነገሩ ያለው ታች ነው። ለምን ከላይ ቀደድኸኝ?»

«ከታች ከተቀደደ በሽታው ሊበተን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ገብተን ገመዱን ይዘን፣ ከነሥሩ ስበን እናወጣዋለን።»

ለካ እሱም ጅማቱን ነው የሚይዘው። «ባለሙያ ነህ» አልሁት። «እርስዎስ ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲለኝ ነገርሁት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ የያዘውን ወረቀት ነበር የሚያየው። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስወጣ ዋናውን ነገር ነገረኝ። «አሁን የቀረን ደረጃውን ማወቅ ነው» አለ። «በሽታው ግቢው ውስጥ ብቻ ከነበረ አውጥተነዋል፤ ወደ ቤትዎ ይገባሉ፣ በየሦስት ወሩ እናይዎታለን። አጥር ዘሎ ወደ ሆድ ዕቃ ወይም ወደ ሳንባ ሄዶ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሄደው ብርቱ መድኃኒት ለወራት ይወስዳሉ። ባሕር ዳር ሄደው ሲቲ ስካን ተነሥተው ውጤቱን ይዘውልኝ ይምጡ።»

«ድንበር ገፍቷል አልገፋም ነው ጉዳዩ?»

«እንደዚያ ነው።»

ድንበርማ አውቃለሁ። ከጓሮዬ በስተጀርባ ላለች ሁለት ትልም ለማትሞላ መሬት ከጎረቤቴ ጋር ሰባት ዓመት ተሟግቻለሁ። ልጅ ሳለሁ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት ዳዊት ሳልጨርስ ነው፤ እጄ ጽሕፈት የለመደው በዚያ ሙግት ማመልከቻ ስጽፍ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው እጅ ነው። በሙግቱ መካከል ከቢቸና ፍርድ ቤት የታሸገ ወረቀት ይዤ ደብረ ማርቆስ እንዳደርስ ተሰጠኝ። መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ፣ ወንዝ ሞልቶ ስሻገር ወረቀቱ ራሰ። የሚስቴ ወንድም አብሮኝ ነበርና «እናድርቀው» ብሎ ፖስታውን ከፍቶ እሳት ዳር ዘረጋው። ደብረ ማርቆስ ስደርስ የመዝገብ ቤቱ ሰው ወረቀቱን አላነበበም፤ የተቀደደውን ማህተም ብቻ አየ። «ማን ከፈተው?» አለኝ። «ዝናብ» አልሁት። «ሂድ፣ አዲስ አጽፈህ ና።» አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለስሁ። መሬቷን በመጨረሻ ረትቻለሁ። ያቺን አንድ ዓመት ግን አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ የሕግ ወረቀት በእጄ ሲገባ እንደ ታቦት ነው የምይዘው።

ባሕር ዳር ወዳጄ በሚልካቸው ከብቶች መኪና ጋቢና ተቀምጬ ሄድሁ። የሲቲው መሣሪያ ትልቅ ቀለበት ነው። አልጋው ከነሰውዬው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ክንዴ ላይ መድኃኒት ሲወጉኝ ሙቀት ከጉሮሮዬ ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። ሰው የሌለበት ድምፅ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ይለኛል። ያዝሁ። «ይተንፍሱ» እስኪለኝ ድረስ ያለ ትእዛዝ ንቅንቅ አላልሁም። አስነሺዋ ልጅ «እንዲህ ያለ ታዛዥ ሰው አላየሁም» ስትል ሚስቴ በሰማች አልሁ።

በሁለተኛው ቀን ውጤቱን ሰጠችኝ። ትልቅ ቡናማ ፖስታ ነው፤ ውስጡ ፊልምና ወረቀት አለ። አፉ ግን ክፍት ነው።

«ይህ እንዴት ይሆናል? አሽጊው እንጂ» አልኋት።

«አይታሸግም አባባ፤ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ከሆነማ የምለውን አድርጊልኝ። አሽጊና አፉ ላይ ማህተም ምቺበት።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ከመስኮቱ አልነቃነቅም አልሁ። ልጅቱ በማጣበቂያ ለጥፋ ሁለት ጊዜ ማህተም መታችልኝ። ሐምራዊ ቀለም፣ ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ። አሁን ወረቀት ሆነ።

ሞጣ ስደርስ ሐኪሙ የለም። አባቱ ዐርፈውበት ወደ አገሩ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶበታል፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ተባልሁ። እኔም የወዳጄ ቤት ገባሁ፤ ፖስታውን ከጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ አድርጌ መጠበቅ ጀመርሁ።

የወዳጄ የመጀመሪያ ልጅ ፋርማሲስት ናት፤ የአባቷ ሱቅ ጎን መድኃኒት ቤት አላት። በመጣሁ ዕለት እጇን ዘረጋች።

«ይስጡኝ አባባ፣ ላንብብልዎ። አንድ ገጽ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አይከፈትም።»

«ለምን?»

«ማህተም አርፎበታል። ተከፍቶ ካገኘው ሐኪሙ አይቀበለኝም። እንደገና ተነሣ ይለኛል።»

«ሐኪም እንደዚያ አይልም። ማን ነው ማህተም ያደረገበት?»

«እኔ ነኝ ያስመታሁት።»

አባቷን አየችው። አባቷ ጣራውን አየ። «ልጄ፣ ተይው» አላት። «ይህን ሰው አራት ጎበዝ ተጭኖት እንኳ አይከፍትም።»

እነዚያን ስምንት ቀኖች ስናገር ሰው ደንግጬ የሰነበትሁ ይመስለዋል። ውሸት አልጽፍም። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታ ልበለው ሌላ ስም ይኑረው አላውቅም፤ ልቤ እንደ ሙሽራ ቤት ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። መቀመጥ አልችልም። የወዳጄ ሚስት ሽሮ ስታቀርብልኝ ሁለት ሰው የሚበላውን እበላለሁ። ከብት ገበያ ከወዳጄ ጋር እወጣና ሳልጠየቅ ዋጋ እከራከራለሁ፤ የሰው በሬ ጥርስ እቆጥራለሁ፤ የማላውቀውን ሰው «ይህ ወይፈን ግራ ዐይኑ ደካማ ነው፣ አትግዛ» እለዋለሁ። ደረቴ ላይ ፖስታው በተራመድሁ ቁጥር ሽ ሽ ይላል። በሙግቱም ዘመን እንደዚህ ነበርሁ። የሰባቱ ዓመት ጣፋጭ ቀን የረታሁበት ቀን አልነበረም፤ ዋዜማው ነበር። ፍርዱ እስኪነበብ ድረስ ሁሉም ሰው ረቺ ነው።

«ሞቱን ደረቱ ላይ ይዞ የሚፈነድቅ ሰው ባንተ አየሁ» አለኝ ወዳጄ፣ ከገበያ ስንመለስ።

«ሞት ይሁን ሕይወት በምን ታውቃለህ?»

«ክፈተውና ልወቅ።»

«አይሆንም።»

ወሰድ አድርጎ በሁለት እጁ መዘነው። ከብትን በዐይኑ መዝኖ የሚገዛ ሰው ነው፤ በሥጋ ከሁለት ኪሎ በላይ ስቶ አያውቅም። ከፍ አደረገው፣ ዝቅ አደረገው። ወደ ፀሐይም ዘረጋው። ፊልሙ ጥቁር ነው፤ የሚያሳልፈው ብርሃን የለም።

«ቀላል ነው» አለ በመጨረሻ። «መጥፎ ወሬ ቢሆን ይከብድ ነበር።»

ስቄ ተቀበልሁት። ግን ያቺን ቃል ያዝኋት። ያን ቀን ሁሉ ፖስታው በእርግጥ ቀለለኝ።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበርና ቤቱ በእኔ አልተቸገረም። ያለ ጾም ብመጣ እሱ ያረደውን እኔ አልበላ፣ እኔ ያረድሁትን እሱ አይበላ፤ ሁለት ድስት ይጣድ ነበር። «በጾም መምጣትህ ጨዋነት ነው» ይለኛል። «ቤቴ ውስጥ ሥጋ ተደብቄ የምበላ ሰው ብቻ እንዳታደርገኝ።» ለእሱም እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ሥጋ አልቀረበለትም። እኔ ግን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። ያን ጊዜ የማስተውለው ፖስታዬን ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ኔትወርክ መጣ ተባለና በወዳጄ ስልክ ለሚስቴ ደወልሁ።

«ውጤቱስ?» አለች፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ።

«እጄ ላይ አለ።»

«ምን ይላል?»

«አልተከፈተም። ሐኪሙ እስኪመጣ ነው።»

ከብት ሲያገሳ በስልኩ ይሰማኛል።

«የሚያነብ ጠፋ?»

«የሚያነብማ አለ። የታሸገ ነገር አይከፈትም። ደብረ ማርቆስ ላይ የሆነውን ረሳሽው?»

«ያ መሬት ነበር» አለች። «ይህ አንተ ነህ።»

መልስ ሳልሰጥ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅሁም። ተቆጥታ ዘግታብኝ ነው ብዬ እኔም ኮራሁ፤ ደግሜ አልደወልሁም። ይኸውና፣ ስጽፍ እጄ እዚህ ላይ ይቆማል።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን ደስታዬ እያደር መልኩን ለወጠ። ሁለት ጊዜ ጣቴ ሳላዘው ወደ ማህተሙ ሄደ። ያው ወንዝ ዳር ሕመሜን ያገኘው እጅ ነው። ጥግ ጥጉን ዳሰሰው፤ ጠንካራ ነገር ይፈልግ እንደሆነ እንጃ። በጥፊ መታሁት። የወዳጄ ልጅ በመድኃኒት ቤቷ መስኮት አየችኝ። «አባባ፣ ምነው እጅዎን መቱት?» አለችኝ። «ይሰርቃል» አልኋት።

በስምንተኛው ቀን ረፋድ ላይ ያቺው ልጅ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። «ከመኪና ሲወርድ አየሁት። ሆስፒታል ገባ።» ሦስታችን ተነሣን። ወዳጄ ሱቁን ሳይዘጋ ነው የወጣው። ሰው ሁሉ እያየን በዋናው መንገድ እንሄዳለን፤ እኔ ከፊት፣ እጄ ደረቴ ላይ፣ እነሱ ከኋላ። ቁስሌ ገና ይይዘኛል፤ ግን ሁለቱም አልደረሱብኝም።

ሐኪሙ ጠጉሩን ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሷል። ልቤ ቢቸኩልም ለቅሶ ይቀድማል። ተቀመጥሁና «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፣ አባትህን በገነት ያኑርልህ» አልሁት። ወዳጄም በበኩሉ ዱዓ አደረገ። ከዚያ ተነሣሁና ፖስታውን በሁለት እጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

ማህተሙን አየው። ገለበጠው። እንደገና አየው። «አባቴ፣ እስካሁን አልሰሙም እንዴ? እኔ እኮ...» ሲል አላስጨረስሁትም።

«ማንም አልከፈተውም። እንደተሰጠኝ ነው። ይነበብልኝ።»

የወዳጄን ልጅ አያት። ራሷን ነቀነቀች። ምን እንደተባባሉ እኔ አልገባኝም። ከመሳቢያው ምላጭ አወጣና ማህተሙን ሳይነካ ፖስታውን በሌላው ጫፍ ቀደደው።

«ከላይ ነው የምንቀድደው» አለኝ። «እንዳይበተን።»

ወረቀቱን አውጥቶ ቆመ። ዳኛ ሲያነብ ተቀምጦ ነው፤ እሱ ግን ለእኔ ብሎ ቆመልኝ። እኛም ቆምን።

«በሆድ ዕቃ ውስጥ ያበጠ ዕጢ አልታየም። ጉበት ደኅና ነው። ኩላሊት ደኅና ነው። ሳንባ ንጹሕ ነው።»

«ውሳኔውስ?»

«ደረጃ አንድ። ግቢው ውስጥ ነበረ፤ አጥር አልዘለለም። አውጥተነዋል።»

«ይግባኝ አለው?»

«አለው» አለ። አልዋሸኝም፤ ይህን ወደድሁለት። «ሊመለስ የሚችልበት መንገድ አለ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ፤ ደም ይሰጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ከመጣ ገና በር ላይ እንይዘዋለን።»

ወንበሩን አጥቼው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወዳጄ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አላልሁህም?» አለኝ። «ቀላል ነው አላልሁህም?» ልጅቱ የሁለታችንንም ክንድ ይዛ ታነሣን ጀመር። «ተነሡ፣ ሰው ያልፋል» ትላለች።

እዚያው በር ላይ ስልኩን ተቀብዬ ለሚስቴ ደወልሁ። አንድ ጊዜ እንደጠራ አነሣችው።

«ረታሁ» አልኋት። «ግቢው ውስጥ ነው የተገኘው። አጥር አልዘለለም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ደውሎልኛል። የባሕር ዳር ሰዎች ወረቀቱን በስልክ ላኩለት፤ ካርድህ ላይ የእኔ ቁጥር ነው ያለው። ዛሬ ሦስት ቀኑ። ከለቅሶው ላይ ሆኖ ነው የደወለልኝ፤ እግዜር ይስጠው።»

«ሦስት ቀን ሙሉ አውቀሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የታሸገ ነገር አይከፈትም ብለህ የለ?» አለች።

ወዳጄ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ ይሰማ ነበር። ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው እንደዚያ ሐኪም ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

በማግሥቱ ወደ ቤቴ ስሳፈር ወዳጄ አንድ በግ ጎትቶ አመጣ። «ለገና ነው» አለ። «አርጄ ብሰጥህ አትበላው። በሕይወቱ ውሰደው፣ በእምነትህ ባርከህ እረደው።» እጄ ሳላዘው ዳሰሰው። ሙክት አይደለም፤ ሁለቱም አሉት።

«አውቄ ነው» አለኝ። «እንድትቀናበት።»

ቤቴ ስደርስ ጤፉ ተሰብስቦ ተከምሯል፤ አውድማው ተለቅልቆ ደርቋል። ሚስቴ በጉን ተቀብላ አሰረችው። እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ አንድ ነገር ጎድሎብኝ እንደሆነ የምትመረምር ትመስላለች፤ ጎድሏል ደግሞ። «ከሳህ» አለችና ውኃ ልታመጣ ገባች። ፖስታውን ሰጠኋት። ማህተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና ከዳዊቱ ጋር ሰቀለችው።

መምቻዬ ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ ነው የሚቆመው። የለም።

«ስእለት ነበረብኝ» አለች ከኋላዬ። «አንተ አልሳልም ስትል እኔ ተሳልሁ። ሐኪሙ የደወለ ዕለት አነደድሁት።»

«አርባ ዓመት የያዝሁትን?»

«ጥሩ ነደደ። ወይራ ነው።»

ልቆጣ ነበር። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለበጉ ሣር ላመጣ ወጣሁና ጎረቤቴን አገኘሁት፤ ያንኑ ሰባት ዓመት የተሟገትሁትን ሰውዬ። አሁን ታርቀናል። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለኝና ቀጠለ፤ «ሚስትህ ልትሞትብን ነበር። አንተ ባሕር ዳር ከሄድህ ጀምሮ ያ ሐኪም እስኪደውል ድረስ ስልኩን ይዛ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ትውል ነበር። ጤፋችሁን ያጨድንላችሁ እኛ ነን። ና ብንላት አትወርድም፤ ስወርድ ቢደውልስ ትላለች።»

ሣሩን ይዤ ቆምሁ። እኔ ሞጣ ገበያ የሰው በሬ ጥርስ ስቆጥር፣ የሁለት ሰው ሽሮ ስበላ፣ እሷ ጉብታው ላይ ነበረች። ፖስታው የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለበጉ ሣሩን ሰጥቼ ስገባ ስለ መምቻው አንድ ቃል አልተናገርሁም። እሷም ዝም ማለቴን አየች፤ ከምን እንደመጣ ግን አልጠየቀችም።

ከገና በኋላ ሰዎች ወይፈን ይዘው መጡ። «ከብት ሐኪሙ የብረት መቆንጠጫ አለው፤ ወደ እሱ ውሰዱት» አልኋቸው። ሚስቴ በመስኮት ትሰማ ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ወንዝ ወረድሁና ካንዲት የወይራ ዛፍ ለመምቻ የሚሆን አንድ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ቆርጬ መጣሁ። ልጡን አልላጥሁትም። ከበሩ ኋላ፣ የቀድሞው ቦታ ላይ አቆምሁት። እርጥብ ወይራ ጥላ ውስጥ ሦስት ወር ካልደረቀ ይሰነጠቃል፤ ለሥራ አይሆንም። ቀጠሮዬም ሦስት ወር ነው። የዚያ ቀን የሚሰጠኝን ወረቀት መኪና ላይ ሳልወጣ አስነብቤ እደውልላታለሁ።

ሚስቴ በሩን በከፈተች ቁጥር ቅርንጫፉን ታየዋለች። ምድጃው ሁለት ክንድ አይርቅም። እስካሁን አላነሣችውም።